አጭር የተራራ መንገድ ወጥቶ ፏፏቴ ማየት፦ ከዝግጅት እስከ መመለስ

«መንገዱ አጭር ነው አሉኝ፤ ምን ይዤ ልሂድ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?» ፏፏቴ ለማየት ተራራ ሊወጣ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም በቅደም ተከተል ላስቀምጠው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

መመሪያው ደርሶ መልስ ከ10 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ፣ በአንድ ቀን ለሚያልቅና ገመድ ለማያስፈልገው መንገድ ነው። ተራራ ወጥታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ፤ ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ የጉዞው ግማሽ ገና ይቀራል። ጉልበታችሁን፣ ውሃችሁንና የቀኑን ብርሃን ለሁለት ከፍላችሁ ነው የምትጠቀሙት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥርስ ያለው ሶል ያለው ጫማ። ጫማችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ሶሉ አልቆ ከለሰለሰ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይዝም። አዲስ ጫማ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ በአጫጭር መንገድ አላምዱት፤ ያለዚያ እግራችሁ ውሃ ይቋጥራል።
- ሁለት ጥንድ ካልሲ። አንዱ ይደረጋል፣ ሌላው በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። የረጠበ ካልሲ እግር ይልጣል።
- ከጥጥ ያልተሠራ ልብስ። ፖሊስተር ወይም ሱፍ ይሁን። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ጂንስ ደግሞ ሲረጥብ ከመክበዱም በላይ ጉልበት ለማጠፍ ያስቸግራል።
- ሹራብና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ፀሐይ ቢወጣም ያዙት። ምክንያቱን ፏፏቴው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።
- ውሃ። ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ። የ5 ሰዓት ጉዞ ከሆነ 2 ሊትር ተኩል ማለት ነው። ሙቀት ከበረታ ጨምሩ።
- ቀለል ያለ ምግብ። ለውዝ፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ ብስኩት ይበቃል። ለመመለሻ የሚሆነውን ለብቻው ቋጥሩት።
- የግንባር ባትሪ። ቀን ሄዳችሁ ቀን ለመመለስ ብታስቡም ይያዝ። የስልክ መብራት አንድ እጃችሁን ይይዝባችኋል፤ ቻርጁንም ይጨርሳል።
- ፊሽካ። ድምፅ ቶሎ ይደክማል፣ ፊሽካ አይደክምም።
- ሙሉ ቻርጅ የሆነ ስልክና ፓወር ባንክ።
- ፕላስተር፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅና ዘወትር የምትወስዱት መድኃኒት ካለ።
- ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት።
- ምርኩዝ። አንድም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ለቁልቁለቱና ለወንዙ።
- ሁለት ፌስታል። አንዱ ለስልክ፣ ሌላው ለቆሻሻ።

ሁሉም ነገር ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ይግባ። በእጅ የሚንጠለጠል ቦርሳ አይሆንም። ስትንሸራተቱ የሚያድናችሁ እጃችሁ ስለሆነ ባዶ መሆን አለበት።

ደረጃ 1፦ መንገዱን ቤት ሆናችሁ አጥኑት

ብዙ ሰው ርዝመቱን ብቻ ይጠይቃል። «4 ኪሎ ሜትር ነው» መባሉ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ሜዳ ላይ ያለ 4 ኪሎ ሜትርና 400 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ 4 ኪሎ ሜትር አይገናኙም። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍታውን ጠይቁ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ስንት ሜትር ያስወጣል?

ቀጥሎ መንገዱ የሚያደርሰው ፏፏቴው አናት ላይ ነው ወይስ እግሩ ሥር? ይህ ጥያቄ ሲረሳ አይቻለሁ። መነሻው ከላይ ሆኖ ፏፏቴውን ከታች የምታዩ ከሆነ ስትሄዱ ቁልቁለት፣ ስትመለሱ ዳገት ነው የሚጠብቃችሁ። ሲሄዱ የሚያታልል መንገድ ይህ ነው። እየቀለለ ይወስዳችሁና ከባዱን ክፍል ለደከመ እግር ያስቀምጥላችኋል። እንዲህ ዓይነት መንገድ ከሆነ ከውሃችሁ ከግማሽ በላይ ለመመለሻ ይቆይ።

ወንዝ ያሻግር እንደሆነ፣ መንገዱ የሚገነጠልባቸው ቦታዎች የት የት እንደሆኑም እወቁ። ካርታ ላይ ከፍታ የሚያሳዩት መስመሮች ተጠጋግተው ከተሰመሩ ቦታው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ተራርቀው ከሆነ ለጥ ያለ ነው። እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉ መተግበሪያዎች ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ የአካባቢውን ካርታ ግን ኔትወርክ ባለበት ቀድማችሁ ማውረድ አለባችሁ።

ስለ ወቅቱም አስቡ። ዝናቡ በበረታበት ጊዜ ፏፏቴው ሞልቶ ያምራል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፣ ወንዙም አያሻግርም። የደረቁ ወቅት መጨረሻ ላይ ደግሞ መንገዱ ይመቻል፣ ፏፏቴው ግን ክር ያህል ይቀጥናል። እኔን ብትጠይቁኝ ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ጠፈፍ ካለ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እመርጣለሁ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን አስሉ

እስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዙ፤ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ 1 ሰዓት ጨምሩ። ይህ ግን ፈርጠም ላለ ሰው ነው። ለጀማሪ፣ ልጅ ለያዘ ወይም ድንጋያማ ለሆነ መንገድ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስሉት።

በምሳሌ እንየው። ፏፏቴው 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ 300 ሜትር ያስወጣል እንበል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ርቀቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። ሽቅቡ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። መውጫው በድምሩ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሆነ። ፏፏቴው ጋ 1 ሰዓት ትቆያላችሁ። ለመመለሻ 1 ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ቁልቁለት ስለሆነ ብቻ በሩጫ ያልቃል ብላችሁ አታስቡ። ሁሉም ሲደመር 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ላልታሰበ ነገር 1 ሰዓት አስቀምጡ።

አሁን ከጀንበር መጥለቂያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ የምትጠልቅ ከሆነ 11 ሰዓት ላይ ከመንገዱ መውጣት አለባችሁ። እንግዲህ የመመለሻው 1 ሰዓት ተኩልና ላልታሰበ ነገር ያስቀመጣችሁት 1 ሰዓት ሲቀነስ፣ ከፏፏቴው የምትነሱት ቢዘገይ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህ የመመለሻ ሰዓታችሁ ነው። ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉት። ሲደወል ፏፏቴው ባይታያችሁም ትመለሳላችሁ። ቤት ሆናችሁ የምትወስኑት ለዚህ ነው። «ትንሽ ነው የቀረን» የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ከባድ ስለሆነ በዚያ ሰዓት አስቦ መወሰን ያስቸግራል።

የመጨረሻው መነሻ ሰዓት ከቀኑ 5 ሰዓት ከ40 ገደማ ቢሆንም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መነሳት ይሻላል። በብዙ ተራራማ ቦታ ደመና የሚሰበሰበውና ነጎድጓድ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

ደረጃ 3፦ የአየሩን ሁኔታ እዩ፤ የላይኛውንም ጭምር

የምትሄዱበት ቦታ ፀሐይ መሆኑ አይበቃም። ፏፏቴውን የሚመግበው ወንዝ ከየት ነው የሚነሳው? እዚያ ላይ ከዘነበ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎም ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የላይኛውን አካባቢ ትንበያም ተመልከቱ። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉዞውን ለሌላ ቀን አስተላልፉት።

ቅዝቃዜውንም አስቡት። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ለአንድ ሰው ተናገሩ

የት እንደምትሄዱ፣ በየትኛው መንገድ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደውሉ። ሰዓቱ ካለፈ ለማን መደወል እንዳለበትም ንገሩት። መልእክቱ በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

ደረጃ 5፦ መነሻው ላይ 10 ደቂቃ ስጡ

ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ኔትወርክ ፍለጋ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው፤ ጂፒኤሱ ግን በአብዛኞቹ ስልኮች እንደዚያም ሆኖ ይሠራል። መነሻው ላይ የካርታ ሰሌዳ ካለ ፎቶ አንሱት።

ሹራባችሁን አውልቁ። ስትነሱ ትንሽ ብርድ ሊሰማችሁ ይገባል። ሞቆት የጀመረ ሰው ጥቂት ሄዶ በላብ ይነከራል፤ ያ ላብ በኋላ ብርድ ይሆንበታል።

በቡድን ከሆናችሁ ከኋላ የሚሄድ አንድ ሰው ምረጡ። ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ነው፤ ከፊት አድርጉት። ቀርፋፋው ከኋላ ሲሆን ሌሎቹ አርፈው ይጠብቁታል፣ እሱ ሲደርስ ይነሳሉ። አንድም ጊዜ ሳያርፍ ይውላል።

ደረጃ 6፦ ሽቅቡን ቀስ ብላችሁ ውጡ

ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። እየወጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ጥሩ ነው። በየቃሉ የምትተነፍሱ ከሆነ ፈጥናችኋል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፤ ረጅም እርምጃ ታፋ ይጨርሳል። እግራችሁን ሙሉውን አሳርፉ፤ በጣት ብቻ መውጣት ባታችሁን ያደክማል።

ከተነሳችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ ቁሙ። ይህ ዕረፍት ለጫማ ነው። የሚቆረቁር ነገር አለ? ተረከዝ አካባቢ ሙቀት ይሰማችኋል? ቆዳው ቀላ ብሎ ሲሞቅ አሁኑኑ ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ያህል ማረፍ ይበቃል። በጣም ረጅም ዕረፍት ጡንቻ ያቀዘቅዛል። ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ጠጡ።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አቋርጣችሁ አትውጡ። ጠመዝማዛው የተሠራው ዳገቱን ለማስታገስና ጎርፍ አፈሩን እንዳይጠርገው ነው። አቋራጩ አፈሩን ይንደዋል፤ ድንጋይ አንከባሎም ከታች ያለውን ሰው ይመታል። ድንጋይ ከእግራችሁ ሥር ካመለጠ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ።

መንገዱ በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ ዘወር ብላችሁ ወደ መጣችሁበት ተመልከቱ። ፎቶም አንሱ። መንገድ ሲሄዱና ሲመለሱ አንድ አይመስልም። ብዙ ሰው የሚጠፋው ሲመለስ ነው።

ደረጃ 7፦ ወንዝ ማቋረጥ ካለ

መጀመሪያ አለማቋረጥ ይቻል እንደሆነ አስቡ። ውሃው ፈጣን ሆኖ ከጉልበት ካለፈ፣ ከደፈረሰ፣ ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ ከመጣ አይሻገሩትም። ከፏፏቴ አናት ቀረብ ብሎ ያለን ወንዝ ደግሞ ጥልቀቱ ቁርጭምጭሚት ድረስ ቢሆንም አትሻገሩ። ብትወድቁ የሚወስዳችሁ ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። የትም ቦታ ቢሆን ከመግባታችሁ በፊት ወደ ታች ተመልከቱና «እዚህ ብወድቅ የት እደርሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚያሻግር ከሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ ምረጡ። ወንዝ ሲሰፋ ውሃው ይሳሳል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ጠባቡ ቦታ ቀላል ቢመስልም ጥልቅና ፈጣን ነው። ጫማችሁን አታውልቁ፤ ባዶ እግር ያዳልጣል፣ ይቆረጣልም። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ቁልፍ ፍቱ። ብትወድቁ ቶሎ መጣል አለባችሁ፣ ያለዚያ ቦርሳው ይዟችሁ ይሰጥማል። ውሃው ወደሚመጣበት ዞራችሁ፣ ምርኩዙን ከፊታችሁ ተክላችሁ፣ ጎን ለጎን ተራመዱ። አንዱ እግር ሳይረጋ ሌላው አይነሳም።

ደረጃ 8፦ ፏፏቴው አጠገብ

አብዛኛው አደጋ ያለው እዚህ ነው። ሰው ደርሻለሁ ብሎ ጥንቃቄውን የሚያላላው፣ መሬቱ ደግሞ ከመንገዱ ሁሉ የሚከፋው እኩል በዚህ ቦታ ላይ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የውሃው እንፋሎት የሚደርስበትን ወሰን ለዩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ደረቅና ሻካራ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ስለሚረጥብ አልጌ ይበቅልበታል። አልጌ የያዘ ድንጋይ ላይ የትኛውም ውድ ጫማ በደንብ አይዝም። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ወይም አረንጓዴ ድንጋይ አትርገጡ። ከድንጋይ ድንጋይ አትዝለሉ፤ በመሃላቸው ያለውን ጠጠር ርገጡ። እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ ከደረሳችሁ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ መሬት ወይም አለት ይዘው፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። ስልክ በእጅ ይዞ መራመድ እዚህ አይሠራም። ፎቶ ማንሳት ስትፈልጉ ቁሙ፣ አንሱ፣ ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ከዚያ ተራመዱ።

መቆሚያ ከመምረጣችሁ በፊት ዙሪያውን ተመልከቱ። ከፏፏቴው ሥር የወደቁ ድንጋዮች ካሉ ጠርዛቸው ስለታም፣ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ፣ የድንጋይ ሽበት ያልያዛቸው ናቸው? እንዲህ ከሆኑ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የወደቁ ናቸው፤ ሌላም ሊከተል ይችላል። ውሃው ድንጋይና እንጨት ይዞ ይወርዳል፣ ገደሉንም ከሥሩ ይበላዋል። ስለዚህ በቀጥታ ከፏፏቴው ሥር ወይም ከተንጠለጠለ አለት በታች አትቁሙ፣ አትብሉ፣ አትረፉ።

አናቱ ላይ ከሆናችሁ ከጫፉ ራቁ። አለቱ በውሃ ተፍቆ ለስልሷል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ገደሉ ቀስ እያለ ያዘነብላል። መንሸራተት ከተጀመረ የሚያዝ ነገር የለም። አጥር ወይም ምልክት ካለ እሱ ወሰናችሁ ነው። እግር ለማቀዝቀዝ ብላችሁም ከጫፉ በላይ ባለው ውሃ ውስጥ አትግቡ።

መዋኘትስ? ፏፏቴው በሚወድቅበት ቦታ መዋኘት አይቻልም፤ ዋናተኛ ብትሆኑም። ነጩ ውሃ ነጭ የሆነው በአየር አረፋ ስለተሞላ ነው። አረፋ ያለበት ውሃ ሰውን በደንብ አያንሳፍፍም። የሚወድቀው ውሃ ደግሞ ወደ ታች ይጫናል፣ ዞሮም ወደ ፏፏቴው ይመልሳል። ከላይ መዝለል ሌላው አደገኛ ነገር ነው። ከሥር ያለው ድንጋይ አይታይም፤ ባለፈው ዓመት የሌለ ድንጋይ ዘንድሮ ሊኖር ይችላል። ቦታው መዋኘት የሚፈቀድበት ከሆነ ራቅ ብሎ ውሃው የተረጋጋበት ጋ ግቡ። በእግር፣ ቀስ ብላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት ሲገባ ሰውነት ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይገባል። ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ቆማችሁ ጠብቁ። ሞቃት አገር ከሆነና ውሃው ሲረጋ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት ከሆነ ቢልሃርዚያ ሊኖር ስለሚችል ጭራሽ አትግቡ።

የውሃውን መጠን ተከታተሉ። እንደደረሳችሁ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጋችሁ በየ10 ደቂቃው እዩት። ምልክቱ ከተዋጠ፣ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ሳትጠይቁ ወደ ከፍታ ውጡ። ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ታች አትሩጡ፤ ደራሽ ከሰው ይፈጥናል። ሌላ ቦታ ቢሆን ደራሽ ሲመጣ በድምፁ ይታወቃል። እዚህ ግን የፏፏቴው ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በዓይን ነው የሚጠበቀው።

በዚያው ድምፅ የተነሳ እርስ በርስም አትሰማሙም። ከመቅረባችሁ በፊት በእጅ ምልክት ተግባቡ። «ና»፣ «ቁም»፣ «እንመለስ» የሚሉት ሦስቱ ይበቃሉ።

ሹራቡንና ጃኬቱን እንደደረሳችሁ ልበሱ። የሚወድቅ ውሃ አየሩን እየገፋ ነፋስ ይፈጥራል። ነፋሱ፣ እንፋሎቱና ላባችሁ ሲደመሩ በፀሐይ ቀን እንኳ ያንቀጠቅጣሉ። ብርዱ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ።

ከወንዙ ለመጠጣት ከተገደዳችሁ አፍሉት። ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ይፍላ። ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ፤ ጃርዲያ በዓይን አይታይም። ለመጸዳዳትም ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ።

ደረጃ 9፦ ፎቶ

ሌንሱን ቶሎ ቶሎ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ እንፋሎቱ ያደበዝዘዋል። ቀስተ ደመና ከፈለጋችሁ ፀሐይን ወደ ጀርባችሁ አድርጉ፣ እንፋሎቱ ከፊት ይሁን። ውሃው እንደ ሐር ለስልሶ እንዲታይ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ የማንሻ ፍጥነቱን ከሩብ እስከ 1 ሴኮንድ አድርጉ። ደማቅ ፀሐይ ላይ ግን ፎቶው ይነጣል፤ ደመና ያለበት ሰዓት ይሻላል። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ።

ደረጃ 10፦ ቁልቁለቱ

ከመነሳታችሁ በፊት ካልሲ ቀይሩ፣ የቀረውን ምግብ ብሉ። የጫማችሁን ክር ከቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ካልጠበቀ እግር ወደ ፊት እየሸሸ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፣ ጥፍርም ይጠቁራል። ምርኩዛችሁ የሚረዝም ከሆነ ለቁልቁለት አስረዝሙት።

ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ። የተገተረ እግር ክብደቱን በሙሉ ወደ መገጣጠሚያው ይልካል። አጫጭር እርምጃ ተራመዱ። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ አትጣሉ፤ ፍርሃት ወደ ኋላ ይጥላል፣ ያን ጊዜ ተረከዝ ይንሸራተትና በመቀመጫ መውደቅ ይመጣል። በጠጠር ላይ የምትወርዱ ከሆነ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። የደረቀ ቅጠልም ከሥሩ ያለውን እርጥብ ሥርና ድንጋይ ይደብቃል።

አትሩጡ። የደከመ ጡንቻ ቁርጭምጭሚትን በጊዜ አያድንም፤ ወለምታ የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ ክፍል ነው።

ደረጃ 11፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

ለነገራችሁት ሰው መጀመሪያ ደውሉ። ጫማውን ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ እሳት ዳር ከተቀመጠ ማጣበቂያው ይለቃል። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ታፋችሁ ቢያማችሁ ቁልቁለቱ ነው፤ በራሱ ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያበጠና እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን ሐኪም ይየው።

ማስጠንቀቂያዎች

ወለምታ። ሰውዬው 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ ስብራት ሊሆን ስለሚችል አታስገድዱት፤ ዕርዳታ ጥሩ። መራመድ ከቻለና ወደ ታች መውረድ ካለበት ጫማውን አታውልቁ። እግሩ ካበጠ በኋላ ተመልሶ አይገባም፤ ጫማው ራሱም ደግፎ ይይዛል። ከላዩ በፋሻ እሰሩት፣ ሸክሙን ውሰዱለት።

መብረቅ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ ቁጠሩ፣ ለ3 አካፍሉ። ውጤቱ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ከጫፍ፣ ከብቸኛ ዛፍና ከውሃ ራቁ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትንቀሳቀሱ።

ብርድ። አንድ ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ እጁ ካልታዘዘው፣ ንግግሩ ከተጎተተ እርጥቡን ልብስ አውልቁና ደረቅ አልብሱት፣ የሚበላ ነገር ስጡት። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ተሽሎት ሳይሆን ብሶበት ነው፤ በአስቸኳይ ዕርዳታ ጥሩ።

መንገድ መጥፋት። ቁሙ። ተቀመጡ። ካርታውን እዩ። በእርግጠኝነት የምታውቁትን የመጨረሻ ቦታ ካስታወሳችሁ ወደዚያ ተመለሱ። «ወንዝ ተከትሎ መውረድ መንደር ያደርሳል» የሚባለው ፏፏቴ ባለበት አገር አይሠራም፤ ወንዙ ወደ ሌላ ገደል ይወስዳችኋል። ፊሽካውን በ1 ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ንፉ፣ 1 ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙ። በደቂቃ 3 ጊዜ ከተመለሰላችሁ ሰምተዋችኋል ማለት ነው፤ እስኪደርሱባችሁ ከቦታችሁ አትነሱ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ውሃውን ፏፏቴው ጋ እስኪደርሱ መጨረስ። ግማሹ ሲያልቅ ግማሽ መንገድ ላይ መሆን አለባችሁ፤ ካልሆነ ቀደም ብላችሁ ተመለሱ።
- ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መሄድ። የሚንከባለል ድንጋይና የሚጠራችሁን ሰው አትሰሙም።
- ልጅን ትከሻ ላይ አድርጎ እርጥብ ድንጋይ ላይ መራመድ። ሚዛን ወደ ላይ ይወጣል፤ ስትወድቁ ልጁ ከከፍታ ይወድቃል። እጁን ይዛችሁ በደረቁ በኩል ውሰዱት፣ ካልሆነም ከሩቅ ይይ።
- ከፊት ያለውን ሰው ዝም ብሎ መከተል። እሱም ሌላውን ተከትሎ ሊሆን ይችላል። በየመገንጠያው የራሳችሁን ካርታ እዩ።
- በነጠላ ጫማ መሄድ። ሲረጥብ እግር ከውስጡ ይንሸራተታል፣ ጣትም በድንጋይ ይመታል።
- የሙዝ ልጣጭ «ይበሰብሳል» ብሎ መጣል። በብርድና በከፍታ ቦታ ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ እንስሳትንም የሰው ምግብ ያስለምዳል። ይዛችሁት የመጣችሁት ፌስታል ለዚህ ነው።
- የመመለሻ ሰዓቱ ደወል ሲጮህ ማጥፋትና «10 ደቂቃ» ማለት። ያ 10 ደቂቃ የሚቀነሰው ላልታሰበ ነገር ካስቀመጣችሁት 1 ሰዓት ላይ ነው።